ለዓይን ድርቀት የብርሃን ሕክምና ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

እናቴ የምትኖረው ሐይቅ ነው። እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ ያለቅሳል። ጭሱ ነው እያልን ስንት ዓመት ኖርን። አንድ ማታ ግን ምጣዱ ከወጣ ሰዓታት አልፈው፣ ቤቱ ተናፍሶ፣ ቶናው እየተቀዳ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ስትጠርግ አየኋት። "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" ስላት፣ "አሸዋ የገባበት ነው የሚመስል ልጄ፣ ሲቆረቁረኝ ነው የሚያለቅስ" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዓይኔ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ቁጥሩ ይደበዝዝብኛል። ጨፈን ከፈት ሳደርገው መልሶ ይጠራል። የሷ ያለቅሳል፣ የኔ ይደርቃል። የዓይን ሐኪም አይቶ እስኪነግረን ድረስ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ችግር እንዳለብን ማን ያስባል?

በዚያው ሰሞን የዓይን ድርቀት በብርሃን ይታከማል የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ደረሰኝ። ደስ አለኝ። ልደውል ስል ግን የአክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። ፊቷ ላይ ያለውን ፀጉር ለማጥፋት አንድ የውበት ሳሎን ገብታ በብልጭታ መብራት ተሠርታ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉንጯ ላይ የመሣሪያው አፍ ቅርጽ ያለው፣ አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክት ወጣባት። ዓመት ሙሉ ሻሿን ወደ ፊት እየሳበች ስትሸፍነው አይቻለሁ። ለዓይን ድርቀት የሚሠራበት መሣሪያ ደግሞ የዚያው ዘመድ ነው። ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት ሐኪም መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እናንተም ሳትደውሉ በፊት እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ በተለይ የቆዳችንን ነገር።

ደርቆ የሚያለቅስ ዓይን

እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከሥር ዓይን ላይ የሚያጣብቀው ዝልግልግ ነገር አለ። መሃሉ ውሃ ነው። ከላይ ደግሞ በጣም ስስ ቅባት ይሰፍፍበታል። የዶሮ ወጥ ላይ የሰፈፈውን ቅቤ አስቡት፤ ወጡን ከድኖ ይይዘው የለ? የእንባም ቅባት ውሃው በነፋስና በፀሐይ ቶሎ እንዳይተን የሚከድን ነው።

ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆባችን ጠርዝ ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። ዕጢ ስል እብጠት ወይም ካንሰር ማለቴ አይደለም፤ ሁላችንም ይዘናቸው የምንወለዳቸው የቅባት ምንጮች ናቸው። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ያህል አሉ። ማይቦሚያን ይባላሉ። ስሙን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1666 ስለ እነሱ ከጻፈው ሄንሪክ ማይቦም ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው።

ጤነኛ ዕጢ የሚያወጣው ቅባት እንደ ምግብ ዘይት የጠራ ነው። ዕጢው ሲታመም ቅባቱ ይወፍርና እንደ ጥርስ ሳሙና ይሆናል፣ ቀዳዳውንም ይደፍነዋል። ክዳኑ ሲጠፋ ውሃው ይተናል። ዓይን ይቆረቁራል። ሲቆረቁር ሰውነት እንባ ያፈሳል፤ ግን የሚመጣው ቅባት የሌለው ውሃ ስለሆነ ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም። እማዬ የምታለቅሰው ዓይኗ ስለደረቀ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ገርሞኝ ሐኪሙን ሁለት ጊዜ ነው ያስደገምኩት።

በብዛት የሚታየው የዓይን ድርቀት ይሄ ነው። የብርሃን ሕክምናም የመጣው ለዚሁ ዓይነት ነው። ሾግረን እንደሚባለው ሕመም የእንባው ውሃ ራሱ ሲነጥፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብርሃኑ ብቻውን ያንን ምንጭ አይመልስም።

ጠዋት ፊታችሁን ሳትታጠቡ በመስኮት ብርሃን መስታወት ያዙ። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ የቆቡን ውጭ ሳይሆን ሽፋሽፍቱ የበቀለበትን እርጥብ ጠርዝ እዩ። ወፍሯል? ቀልቷል? አረፋ የመሰለ ነገር አለ? ሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የሚመስል ቅርፊት ካለ ቆቡ ተቆጥቷል። ቅርፊቱ የእያንዳንዱን ሽፋሽፍት ሥር እንደ ኮሌታ ከከበበው ደግሞ ዴሞዴክስ የምትባል፣ ያለ ማጉያ የማትታይ ተባይ ልትሆን ትችላለች። ቆብ ላይ ብጉንጅ እየወጣ እየጠፋ የሚመላለስባችሁም ዕጢዎቻችሁ እየተደፈኑ ይሆናል። ይህን ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ግማሹን ትረሱታላችሁ።

ብርሃን የማይፈታው ነገር

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ፤ ለወሎ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይሄ ክፍል ይመስለኛል።

የሚቆረቁር ዓይን ሁሉ ድርቀት አይደለም። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ነች፣ ከአገራችን ደግሞ አማራ ክልል ክፉኛ ተጎድቷል። የኛ ሰው ማዝ ነው የሚለው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘ ማዝ የላይኛውን ቆብ ከውስጥ ያጠባሳል። ጠባሳው ቆቡን ይጎትተዋል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ዓይን በተከደነ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። የገጠር እናቶች ወረንጦ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ አላያችሁም? ለነሱ የብርሃን ሕክምና ብታደርጉላቸው ምንም አይፈይድም። የሚያስፈልጋቸው ቆቡን የሚያስተካክል አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ በዘመቻ ሲመጣ በነጻ ይሠራል። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። ቢዘገይ ብሌኑ ይነጣል፣ የነጣ ብሌን ደግሞ ወደ ድሮው ለመመለስ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ የኔ ሕግ ይሄ ነው፦ ላይኛውን ቆብ ገልብጦ ያላየ ሰው ስለ ዓይናችሁ ድርቀት አይንገራችሁ። እማዬን ያያት ሐኪም መጀመሪያ ያደረገው ቆቧን በጣቱ መገልበጥ ነበር። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። "ማዝ የለብዎትም እናቴ፣ ሽፋሽፍትዎም ደህና ነው" ሲላት ነው ሌላውን ማውራት የጀመርነው።

ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ሲመሽ ማየት የሚያቅተው፣ ዳፍንት ያለበት፣ የዓይኑ ነጭ የደበዘዘ ሕፃን ቫይታሚን ኤ ነው ያነሰው። ያ አስቸኳይ ነው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዓይኑን ቀኑን ሙሉ የሚያክ ልጅ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ፊቱ በአንድ ወገን ሽባ የሆነ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት ቆቡ የማይገጥምለት ሰው ዓይኑ የሚደርቀው ስለማይከደን ነው። ደሴ አካባቢ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ፤ በሥጋ ደዌም በዓይንም ሕክምና የቆየ ቤት ነው። ከባድ ሕመም፣ ድንገተኛ የማየት መቀነስ፣ ብሌን ላይ ነጭ ነጥብ፣ ወይም ብርሃንን ጨርሶ መቋቋም አለመቻል ካለ ስለ ብርሃን ሕክምና የምታነቡበት ሰዓት አይደለም፤ ተነሱና ሂዱ።

ብርሃኑ ምንድን ነው?

ሁለት ዓይነት አለ፣ ሰው ግን ይቀላቅለዋል። ሻጩም አንዳንዴ ሆን ብሎ ይቀላቅለዋል።

አንደኛው አይ ፒ ኤል ይባላል። ሌዘር አይደለም። ሌዘር አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ይሄ ከዜኖን መብራት የሚወጣ፣ ብዙ ቀለም ያለበት፣ እንደ ካሜራ ፍላሽ ቦግ እልም የሚል ኃይለኛ ብርሃን ነው። የሞገዱ ርዝመት ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ መለኪያ ነው) አካባቢ ሲሆን ለዓይን ሲሠራበት ብዙ ጊዜ ከ590 አካባቢ በታች ያለውን የሚያስቀር ማጣሪያ ይገጠምለታል። መጀመሪያ የቆዳ ሕክምና ነበር። ሮዛሺያ ለሚባለው፣ ፊትን ለሚያቀላ ሕመም ይሰጥ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሮላንዶ ቶዮስ የተባለ የአሜሪካ የዓይን ሐኪም ፊታቸውን የታከሙ ሰዎች የዓይናቸው ድርቀትም እንደቀነሰላቸው አስተዋለና ነገሩ ተጀመረ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዕጢ መደፈን ለሚመጣ የዓይን ድርቀት የመጀመሪያውን የአይ ፒ ኤል መሣሪያ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ገና አዲስ ነው ማለት ይቻላል።

ብርሃኑ ዓይን ውስጥ አይገባም፣ መግባትም የለበትም። ዓይን ተሸፍኖ ከአንዱ ጆሮ ሥር ጀምሮ፣ ከታችኛው ቆብ በታች በጉንጭና በአፍንጫ አልፎ እስከ ሌላው ጆሮ ድረስ ነው የሚተኮሰው። ቆዳው ሥር ያሉ፣ የተቆጡ ጥቃቅን የደም ሥሮች ብርሃኑን ይመጥጡትና ይዘጋሉ። ቁጣውን ወደ ቆቡ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ሙቀቱም ቅባቱን ያላላል፣ ያቺን ተባይም ይቀንሳል ይባላል። ከተኩሱ በኋላ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በትንሽ መቆንጠጫ ቆቡን ጨምቆ የረጋውን ቅባት ያወጣል። ይሄኛው ክፍል ያማል፤ የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረግበታል።

ሁለተኛው ዝቅተኛ ኃይል ያለው ብርሃን ነው። ፍላሽ የለውም። ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች የተደረደሩበት ጭምብል ነው፤ ዓይን ጨፍኖ አድርጎት 15 ደቂቃ ያህል መተኛት ነው። ቀዩ፣ 633 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ ለዕጢዎቹ ነው፤ ቆቡን ቀስ ብሎ ያሞቃል፣ ሕዋሶችንም ያነቃቃል ተብሎ ይታሰባል። ሰማያዊው ለባክቴሪያ፣ ቢጫው ለእብጠት ይባላል። አንዳንድ ቦታ ፍላሹንና ጭምብሉን በአንድ ቀን ያከታትሉታል።

ይሠራል ወይ? ብዙ ሰው እንደተሻለው የሚናገሩ ጥናቶች አሉ። ግን ኮክራን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 አይ ፒ ኤልን ሲመረምር መስፈርቱን ያሟሉ 3 ጥናቶች ብቻ ነው ያገኘው፤ በ3ቱም የተሳተፉት በድምሩ 114 ሰዎች ነበሩ። ማስረጃው ቁርጡን ለመናገር አይበቃም አለ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥናቶች ተጨምረዋል። "መቶ በመቶ ያድናል" የሚላችሁ ሰው ግን ገንዘባችሁን ነው የሚያየው። ደግሞም ደርቆ የጠፋ ዕጢ በብርሃን ተመልሶ አይበቅልም። ብርሃኑ የሚረዳው ገና በሕይወት ያለውን፣ ግን የተደፈነውን ነው። ይህን የሚለይ የዕጢዎች ፎቶ አለ፤ በቆቡ ላይ የሚነሳ፣ የማያም። ፎቶው ሳይነሳ ለ4 ዙር ክፈሉ ከተባላችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

የቆዳችን ነገር

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ነው።

ቆዳችንን ጠይም የሚያደርገው ቀለም ሜላኒን ይባላል። ፍላሹ ሲተኮስ ሜላኒን ብርሃኑን ይወስደዋል። በነጭ ሰው ቆዳ ላይ ብርሃኑ አልፎ ደም ሥሩ ጋ ይደርሳል፤ በኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙው መንገድ ላይ ይቀርና እዚያው ቆዳው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ውጤቱ ቃጠሎ፣ ጥቁር ምልክት፣ ወይም የነጣ ቦታ ነው። የአክስቴ ልጅ ጉንጭ ላይ የወጣው ይሄ ነው። የሳሎኗ ሴትዮ ክፉ ስለሆነች አይመስለኝም፤ ስለ ቆዳ ዓይነት ማንም አላስተማራት ይሆናል። ጉዳቱ ግን ያው ጉዳት ነው።

ሐኪሞች ቆዳን ከ1 እስከ 6 ይመድቡታል። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ነው። 1 ፀሐይ ሲነካው ወዲያው የሚቃጠል በጣም ነጭ ቆዳ ነው፣ 6 በጣም ጥቁር ነው። ለዓይን ድርቀት የሚሠሩ የአይ ፒ ኤል መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚፈቀዱት ከ1 እስከ 4 ላለው ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንባባላለን። ተጠንቀቁ፣ ይሄ የኛ መለኪያ ነው። እዚህ ቀይ የምትባል የወሎ ልጅ በዚያ መለኪያ ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ላይ ነው የምታርፈው። "እኔ ቀይ ነኝ፣ አይጎዳኝም" ብላችሁ እንዳትገቡ። ጠይምና ጥቁር የሆናችሁ፣ 5 እና 6 ማለት ነው፣ አይ ፒ ኤልን እንዳታደርጉት ነው የኔ ምክር። ኃይሉን ቀንሰው ለ5 የሚሠሩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በዓለም ላይ አሉ፤ ግን ኃይሉ ሲቀንስ ጥቅሙም ይቀንሳል፣ አደጋው ደግሞ ጨርሶ አይጠፋም። ፊት ነው፣ ተደብቆ አይቀመጥም።

አብሽሩ፣ በር ሁሉ አልተዘጋም። የቀይ ብርሃን ጭምብሉ እንደ ፍላሹ ኃይሉን በአንድ ቅጽበት ስለማይተኩስ ለጥቁር ቆዳም ይሠራበታል። የኛ ሰው የብርሃን ሕክምና የግድ ከፈለገ መጠየቅ ያለበት ስለዚህኛው ነው። እሱም ቢሆን በሐኪም ትዕዛዝ ይሁን፤ ፊት ለማሳመር ቤት ውስጥ የሚደረግ ተብሎ የሚሸጠው ጭምብል ለዓይን ቆብ የተሠራ አይደለም።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገር። ቤት ውስጥ ፀጉር የሚያጠፋውን ትንሽ የብልጭታ መሣሪያ ዓይን አጠገብ አታድርጉት፣ በመመሪያው ላይም ተከልክሏል። የዓይን መከላከያ ሳይገባ ቆብ ላይ በተተኮሰ ፍላሽ ባለ ቀለሙ የዓይን ቀለበት የተቃጠለባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ሁለተኛው፣ ለጫጩት ማሞቂያ የሚሸጠውን ቀይ አምፖል ዓይን ላይ አብርቶ መቀመጥ። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ ቀይ ብርሃን ነው ሲባል ሰምቶ። ያ ኢንፍራሬድ፣ የሙቀት ጨረር ነው፤ ለረዥም ጊዜ ሲደጋገም ሞራ እንደሚያመጣ በመስታወት ፋብሪካ ምድጃ ፊት ከሚሠሩ ሰዎች ከታወቀ ቆይቷል። ቀለሙ ስለተመሳሰለ መድኃኒት አይሆንም።

ከብርሃኑ በፊት ጨርቁ

የትኛውም ጥሩ የዓይን ሐኪም ወደ ብርሃን ከመላኩ በፊት ይህን ሞክራችኋል ወይ ይላል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን በትክክል አልሞከርነውም።

ደሴ ጠዋት ቅቤ በቅሉ ውስጥ እንዴት እንደሚረጋ ታውቁታላችሁ። ምድጃ ዳር ስታስጠጉት ይቀልጣል። በቆባችሁ ውስጥ የረጋውም ቅባት እንደዚያው ነው።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ማታ ከእራት በኋላ እማዬ ፔርሙዙን ትሞላለች። ሁለት ትንንሽ ንጹህ ፎጣ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን። የፈላውን ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቅላ በእጇ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ትፈትነዋለች፤ ሞቅ ብሎ ደስ የሚል፣ ግን እጅ የማያስነሳ መሆን አለበት። በቁጥር ከ40 እስከ 45 ዲግሪ መሆኑ ነው። አንዱን ፎጣ ነክራ ጨምቃ በተጨፈነ ዓይኗ ላይ ታሳርፋለች። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፎጣ በሁለት ደቂቃ ይበርዳል። በረደ ማለት አቆማችሁ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ሲበርድ ሌላው ይተካል፣ እንዲህ እየተቀያየረ እስከ 10 ደቂቃ። የስልኬን ሰዓት እኔ እይዝላታለሁ፣ እሷ ሰለዋቷን እያወረደች ትቆያለች።

ከዚያ ሳይበርድ፣ በታጠበ ጣት፣ ዓይን እንደተጨፈነ የላይኛውን ቆብ ከቅንድብ በኩል ወደ ሽፋሽፍቱ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት። የዓይኑን ኳስ አትጫኑት። በመጨረሻ ንጹህ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ የሽፋሽፍቱን ሥር መጥረግ። ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ጨርቅ፣ ለእያንዳንዱ ሰውም የየራሱ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ሳታቋርጡ ቢያንስ አንድ ወር። በሦስተኛው ቀን ለውጥ የለም ብላችሁ አትተዉት።

ጎን ለጎን ኩሉን ተዉት፣ ቢያንስ እስኪሻላችሁ። ኩል መልክ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፣ የእናቶቻችን ጌጥ ነው፤ ግን ከሽፋሽፍቱ ውስጥ በኩል ሲቀባ የሚያርፈው ልክ የዕጢዎቹ አፍ ላይ ነው፣ ብዙው ኩል ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን አለበት። ወዳጃ ላይ ዕጣኑ ሲበዛ በር አጠገብ ተቀመጡ። ምጣድ ላይ ስትሆኑ መስኮት ክፈቱ። ኮምፒውተር ላይ ለምንውል ደግሞ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ ራቅ ያለ ነገር ማየትና ዓይንን ሙሉ በሙሉ መጨፈን ነው። እኔ በመስኮት ተራራውን ነው የማየው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምንጨፍነው ከወትሮው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው፣ ሳይጨፈን ደግሞ ቅባቱ አይወጣም።

ሰው ሠራሽ እንባ ከፋርማሲ ይገኛል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ መጠበቂያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ። ያለ ሐኪም ወረቀት ግን "ቅላቱን ወዲያው የሚያጠፋ" ጠብታ አትግዙ። ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ የዓይንን ቅላት በአንድ ቀን ያጠፋል፣ ለወራት ሲደጋገም ደግሞ ግላኮማና ሞራ ያመጣል። ግላኮማ የወሰደው ዕይታ አይመለስም።

መደወል ከፈለጋችሁ

ከአንድ ወር በላይ በትክክል አድርጋችሁ ካልተሻላችሁ፣ ማዝና ሌላው ከተጣራ፣ ሐኪማችሁም ብርሃኑን ካሰበላችሁ፣ መንገድ ሳትጀምሩ በስልክ ጠይቁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 4 ዙር ነው፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ። ደርሶ መልስ ስታሰሉት 3,200 ኪሎ ሜትር ነው፣ አልጋና ምግቡ ሳይቆጠር። ውጤቱም ለዘላለም አይደለም፤ ብዙ ሰው ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በወረቀት ደምሩትና ከዚያ ወስኑ።

ስትደውሉ መጀመሪያ ፍላሽ ነው ወይስ ቀይ የኤልኢዲ ብርሃን ብላችሁ ጠይቁ። ፍላሽ ከሆነ ለ5 እና ለ6 የቆዳ ዓይነት ትሠራላችሁ ወይ በሉ። "ለሁሉም ቆዳ ይሆናል፣ አትጨነቁ" የሚል መልስ ከመጣ ስልኩን ዝጉ። "መጥታችሁ ቆዳችሁን እንይ፣ ጆሮ አጠገብ ትንሽ ቦታ ላይ እንሞክርና ቆይተን እንወስን" ካሉ ሥራውን የሚያውቁ ናቸው። ምልክቱ ቀናት ወይም ሳምንታት ቆይቶ ሊወጣ ስለሚችል ሙከራና ሕክምና በአንድ ቀን መሆን የለበትም። የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የዓይን ሐኪም ወይም በሱ ቁጥጥር ሥር ያለ ባለሙያ መሆን አለበት። የዓይን መከላከያው ምን ዓይነት እንደሆነም ጠይቁ።

እናንተም የምትናገሩት አለ። ዶክሲሳይክሊን እየወሰዳችሁ ነው? ለቆብ ሕመምም ይታዘዛል፣ ቆዳን ግን ለብርሃን ስስ ያደርጋል። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንም እንዲሁ። ሉፐስ፣ ብርሃን ሲያይ የሚነሳ የሚጥል በሽታ፣ ፊት ላይ ንቅሳት፣ በቅርብ የወጣ ቁስል፣ እርግዝና፣ አንዱም አይደበቅ። ግንባሯና ጉንጯ ላይ የተነቀሰች እናት ካለቻችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የንቅሳት ቀለም ፍላሹን ይስበዋል፣ ያቃጥላል።

በቀኑ ኩል፣ ክሬም፣ ቅባት ሳትቀቡ ሂዱ። ለፍላሹ ፊት ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል፣ ዓይን ይሸፈናል፣ ጎማ በቆዳ ላይ እንደተፈናጠረ ዓይነት ትንሽ ንድፊያ ይሰማል። ከባድ ማቃጠል ከተሰማችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ መቻል አያስፈልግም። የቀይ ብርሃኑ ሕመም የለውም። ከፍላሽ በኋላ ለሳምንታት ፀሐይ መከላከል ግዴታ ነው፦ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ኤስ ፒ ኤፍ 30 ወይም 50 የሆነ ክሬም። የኛ ደጋ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፤ ከፍታው ላይ ግን አልትራቫዮሌቱ የበረታ ነው። አጨዳ ሊገባ ያለ ሰው ቀጠሮውን ቢያሸጋግር ይሻላል። ውሃ የቋጠረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ በዚያው ቀን ላኩላቸው።

ሞቅ ያለው ጨርቅ ከሕክምናው በኋላም ይቀጥላል። እማዬ ከጀመረች ስድስት ሳምንት ሆናት። ዓይኗ አሁንም ነፋስ ሲመታው ያለቅሳል፣ ማታ ማታ ግን ነጠላዋን አታነሳም። የኔ ግማሽ ነው የተሻለኝ፤ የዕጢዎቼን ፎቶ ለመነሳት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ከላይ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎችም ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ።